የዕድሮቻችንን ገንዘብ ለፀሐይ ኃይል ያስፈቀዱን ጓድ አሰገደች ወልደአረጋይ

የአንኮበርና የአልዩ አምባ ጤና ጣቢያዎች የፀሐይ ኃይል ማስፋፊያ አስተባባሪ ኮሚቴ፣ የሥራው ጠንሳሽና የዕቅድ ኃላፊ የነበሩት ጓድ አሰገደች ወልደአረጋይ ባደረባቸው ሕመም መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። የኮሚቴውን ጽሑፍ ሁሉ የሚያርሙት እሳቸው ስለነበሩ፣ በዚህኛው ላይ ስሕተት ቢገኝ አንባቢ ይታገሠን።

ጓድ አሰገደች በ1938 ዓ.ም. በሰላ ድንጋይ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በደብረ ብርሃን ፈጽመው፣ በአውራጃው የዕቅድና በጀት ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። በመንግሥት ገንዘብ ላይ ቆንቋና ነበሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከራሳቸው ኪስ ሲሆን ግን እጃቸው ሰፊ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. በአልዩ አምባ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ነጭ ጋዝ፣ መንገድ በተቆረጠ ቁጥር እያለቀ ክትባት ይበላሽ ነበር። ጓድ አሰገደች ማቀዝቀዣው በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ዕቅድ አወጡ። መሣሪያውን የሚረዳ ድርጅት ቢገኝም የማጓጓዣውና የመትከያው ወጪ በሕዝቡ ላይ ወደቀ፤ በጀትም ከየትም አልተገኘም።

በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ የድርቅ ጊዜ፣ ከሰው ቤት ገንዘብ መጠየቅ የሚያሳፍር ነበር። ስለዚህ ወደ ዕድሮቻችን መጡ። ለቀብር ካጠራቀምነው ላይ ለሕፃናት ክትባት እንድናበድር ጠየቁን። ተቆጣን። ሬሳችን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው ወይ ያልንም አለን። የአልዩ አምባው ዕድር ዳኛ ሐጂ በሽር ዓወል ግን ሰምተዋቸው ሲያበቁ፣ «እኛን የሚቀብር አላህ አያሳጣንም፤ መጀመሪያ ልጆቹ ይደጉልን» ብለው ፈቀዱ። የአንኮበሩ ዕድርና ጓድ አሰገደች አባል የነበሩበት የደብረ ብርሃኑ ዕድር ተከተሉ።

በጥር 1978 ዓ.ም. የአልዩ አምባው መሣሪያ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው በሙቀት የተበላሸ ክትባት የለም። የአንኮበሩ በጉም የተነሣ ቦታው ሁለት ጊዜ ተለውጦ ዘንድሮ ሥራ ጀምሯል። ጓድ አሰገደች የዕድሮቹ ብድር ተከፍሎ ሳያልቅ መሞት አልፈልግም ይሉ ነበር። አልሆነላቸውም፤ ይህም አንጀታችንን በልቶታል።

ለቅሶው የተቀመጠው በደብረ ብርሃን በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ዕድራቸው ያበደረው ገንዘብ ተቀድዶ ያለቀውን ድንኳን ለመተካት ተይዞ የነበረ በመሆኑ፣ ለለቀስተኛው የሚተከል ድንኳን አልነበረም። ከአልዩ አምባ በጭነት መኪና የመጡ እናቶች የተከተቡ ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ከአንኮበርና ከሰላ ድንጋይ ከመጡት ጋር ሦስቱንም ቀን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ቅር ያለው ሰው አላየንም።

ኮሚቴው ለባለቤታቸው ለአቶ ገብረጻድቅ ዘርአ ዳዊት፣ ለልጃቸው ለይርጋለምና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ሦስቱ ዕድሮች በሰልስቱ ዕለት ተመካክረው፣ ቀሪው ብድር እንዳይመለስላቸውና ለሰላ ድንጋይ ጤና ጣቢያ መሣሪያ መትከያ እንዲውል በአንድ ድምፅ ወስነዋል። ድንኳኑ ይደርሳል።