አርባ እርምጃ በመርከብ ላይ

ሰኞ፣ ጁን 8፣ 1908
ባንክ ዋልኩ። ደብዳቤ ስገለብጥ ጣቴ ቀለም በቀለም ሆነ። ከነገ ወዲያ ከኬፕታውን ተነስተን ለንደን… ኦሎምፒክ! አለቃዬ፣ «ሄክተር፣ መቶ ሜትር ለመሮጥ ይህን ሁሉ ባሕር?» አሉኝ። ሳቅኩ። ውስጤ ግን ፈርቷል። አነሳሴ ቀርፋፋ ነው። ሁሌ ኋላ ቀርቼ ሌሎቹን ሯጮች መጨረሻ ላይ ነው የምደርስባቸው። የዓለም ሯጮች እስክደርስ ይጠብቁኛል?

ዓርብ፣ ጁን 12
መርከቡ ላይ መሮጫው አርባ እርምጃ ብቻ። ሳልፈጥን ያልቃል! ከሩጫ በአንዴ መቆም ስለማልችል ሁለት መርከበኞች መጨረሻው ላይ ፍራሽ ይዘው ይቀበሉኛል። ዛሬ ፍራሹን ሳትኩ። አብረውን የሚጓዙትን የአሮጊቷን የወይዘሮ ቫን ኒከርክን ጠረጴዛ ገለበጥኩ። ሻያቸው ቀሚሳቸው ላይ…
«አንተ፣ ፈረስ ነህ?»
«ይቅርታ እመቤቴ፣ ሯጭ ነኝ።»
«ሯጭ? ስትነሳ አይቼሃለሁ እኮ! ከአልጋ የምትወርድ ነው የመሰለኝ።»
የሚያሠለጥነኝ አጎቴ ዱንካን በሳቅ ሞተ። ከዳተኛ!

ማክሰኞ፣ ጁን 16
ወይዘሮዋ ራሳቸው ጠይቀው አስነሺዬ ሆኑ! ከኋላዬ ተቀምጠው፣ ሳላስበው ወለሉን በከዘራቸው ይመታሉ፤ ስሰማ እወነጨፋለሁ። አንዳንዴ ወዲያው። አንዳንዴ እንዳጎነበስኩ ብዙ ያቆዩኛል። ቀድሜ ከተነሳሁ፣ «አትገምት! ስማ!»
ዛሬ ሃያ ሁለት ጊዜ። ታፋዬ እሳት ሆኗል።

ረቡዕ፣ ጁን 24
ፍጥነቴን ፍራሹ አልቻለውም፤ ተቀደደ። መርከበኞቹ አጨበጨቡልኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 20
ለንደን። ዝናብ። ከየምድቡ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ። የማስነሻው ሽጉጥ ጮኸ… ሮጥኩ። ግራ ቀኜን ባይ ማንም የለም! ደነገጥኩ። ሳይተኮስ ወጣሁ እንዴ? ማንም አልመለሰኝም። አንደኛ!!

ማክሰኞ፣ ጁላይ 21
ግማሽ ፍጻሜ። እስከ ሰማንያ ሜትር መራሁ። ከዚያ አንድ ረጅም አሜሪካዊ… መጨረሻው ክር ላይ በደረት ቀደመኝ። አለቀ።
ማልቀስ ሲገባኝ ሳቅ መጣብኝ። ከለንደን በፊት፣ ከፊቴ ክሩ ብቻ እየታየኝ ሮጬ አላውቅም ነበር። ለካ እንዲህ ነው? አጎቴ ትከሻዬን ይዞ፣ «መነሳቱን አገኘነው። አሁን መጨረሻውን እንሠራለን፤ አራት ዓመት አለን» አለኝ። እሺ አልኩ።
ለእናቴ ቴሌግራም ልልክ ሄድኩ። ጸሐፊው አንብቦ ቀና አለ።
«ጌታዬ፣ ‹ተሸነፍኩ፣ ደስ ብሎኛል› ነው የሚለው። አልተሳሳቱም?»
«አልተሳሳትኩም። እንዳለ ላከው።»