ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ለቁንጥንጧ የልጅ ልጄ፤

ጤናሽ እንደ ምላስሽ የተባ ይሁን፤ እንደምን ከረምሽ? እኔ አያትሽ ጉልበቴ ቢያኮርፈኝም አፌ ደህና ነው።

ማክሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ የኪራይ ቤት ተቆጣጣሪ ትመጣለች ሲባል አከራያችን እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ያንን የግድግዳ ስንጥቅ ካየች ቤቱን ታሽገዋለች!» አለችኝ። የኔ ተንኮል መች ይተኛል? ቁም ሳጥኔን ገፍቼ ስንጥቁን ጋረድኩት።

ተቆጣጣሪዋ ጣሪያውን አየች፣ መብራቱን አብርታ አጠፋች። «አባባ፣ ከዚህ ጀርባስ ምን አለ?»

«ወጣትነቴን ደብቄበታለሁ፣ እንዳትነኪብኝ!»

እየሳቀች ቁም ሳጥኑን በእጇ ደገፍ ብትለው፣ ልጄ፣ ግድግዳው ወደዚያ ሄደ! ቁም ሳጥኔ ከነልብሴ ጎረቤት ገብቶ ተጋደመ። አቧራው ገለል ሲል ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቆማለች።

«አባባ፣ በበር መግባት ቀረ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ዞሬ አልጋዬን አየሁ። እስቲ አስቢው። ራስጌዬ እኮ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው።

ተቆጣጣሪዋ ሳቋን ውጣ «እስከ እሑድ ቤቱ ባዶ ይሁን» አለችና በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈች። አከራያችን እህቷ ዘንድ፣ ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ዘንድ ይሄዳሉ። እኔማ ችኩል ሰው አይደለሁም።

ለነገሩ፣ ያንቺ ቤት ምድር ላይ ነው ወይስ ፎቅ? ሶፋው ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል ያልሽኝስ እውነት ነው? እንዲያው ወሬ አምሮኝ ነው። ብቻ ከእሑድ በፊት ብትመልሺልኝ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ይደርሰኛል።

ሁለቱንም ጉንጭሽን ሳልሰስት ስሜአለሁ።

ተንኮለኛው አያትሽ