ዳጣችን ወደ ደማም የሄደበት መንገድ

ለተከበሩ የምርት ማረጋገጫና የላኪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

መጋቢት 9 ቀን

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ያለ ዕረፍት የሚያመላልስዎት መኪናዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ሂሩት ሞገስ እባላለሁ፤ ቱላ ውስጥ ዳጣ አዘጋጅታ በጠርሙስ የምታሽግ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት ነኝ። በመልክ ያስታውሱኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሰኔ እስከ ኅዳር ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ ስለከረምኩ፣ ምናልባት ከጽሕፈት ቤቱ ንብረት እንደ አንዱ ቆጥረውኝ ይሆናል።

ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው አምስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው እስካሁን ስላልወጡ፣ ስድስተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁትን ድጋፍ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር እዚያ ቤት እንደማይታይ በሚገባ ተምሬአለሁና።

ከምስጋናው በፊት ግን ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የሥራ ባልደረባዬ ፈትያ እዚሁ ሐዋሳ የታቦር ሰፈር ልጅ ናት። ልጇን ነኢማን ጡት እንዳስጣለች ለእናቷ ትታ ባሕሬን ሄደች፤ ማናማ ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ነኢማ በቁመት እኩያዋ ሆና ጠበቀቻት። በዚያን ዕለት «ሁለተኛ የሰው አገር አልረግጥም» ብላ ማለች። የዳጣውን ንግድ ሐሳብ ያመጣችውም እርሷ ናት። ወንድሟ አብዲ ማናማ ውስጥ ሱቅ ስላለው ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ አራት መቶ ጠርሙስ ስንልክለት ቆየን። መጀመሪያ የአገራችን ልጆች ገዙት፤ ከዚያ ሕንዶቹ ከሩዝ ጋር ለመዱት፤ በኋላ ደግሞ ባሕሬኖቹ ራሳቸው ለተጠበሰ ዓሣ ይጠይቁት ጀመር።

ባለፈው ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ከባሕሬን በድልድይ ተሻግሮ ከምትገኘው የሳውዲዋ ደማም የመጣ አንድ አከፋፋይ በአብዲ ሱቅ ቆሞ ቀመሰው። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሺህ ጠርሙስ አዘዘ፤ ለአሥራ አራት መደብሮች። የጠየቀን አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ለባሕሬኑ አነስተኛ ጭነት የላብራቶሪ ውጤታችን ይበቃ ነበር፤ ለሳውዲ ግን ምርቱ ምን እንደሆነና የት እንደሚሠራ የሚገልጽ፣ ማህተም ያረፈበት የመንግሥት ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ፣ በሦስት ወር ውስጥ። ፈትያ ስልኩን ዘግታ «ሦስት ወር! ሰውዬው ሐዋሳን የማያውቅ ደግ ሰው ነው፤ በሦስት ቀን እናደርስለታለን» ስትል አብሬአት ሳቅሁ። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን፤ ለትዕዛዙ ብለን ዘጠኝ ጨምረን ሃያ ሦስት ሆንን፤ የቱላ ገበሬዎችም ለእኛ ብለው ቃሪያ ተከሉ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ።

1ኛ. ስለ ትምህርቱ። ሰኔ 3 ቀን ማመልከቻችንን የተቀበሉን ባለሙያዎ አቶ ደሳለኝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው «ዳጣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም» አሉን። በርበሬ አለ፣ ሚጥሚጣ አለ፣ ዝንጅብልም አለ። «ታዲያ ይጨመርልን» ብንላቸው፣ ዝርዝሩ ከላይ እንደሚመጣ በትሕትና አስረዱን። ከእርሳቸው ክፍል ወደ ቀጣዩ ተላክን፤ እዚያ «ከተፈጨ እኛን አይመለከተንም» ተባልን። ፎቅ ወጣን፤ እዚያ ደግሞ «እሳት ካልነካው የእኛ አይደለም» አሉን። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውንና ኮረሪማውን በእጇ መጥና ይህን ዳጣ እዚህ ያደረሰችው የሥራ መሪያችን ወይዘሮ ብርቱካን፣ ለሦስተኛ ቀን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ቆይታ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጌታው፣ ይቅመሱት። ከተበላ ምግብ ነው፤ ካልተበላ እኔው ይዤው እመለሳለሁ» አለች። ከሰላሳ ዓመት በላይ ያለ ጥርጥር ስንበላው የኖርነው ነገር ምንነቱ ገና ያልታወቀ መሆኑን ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን።

2ኛ. ስለ ናሙናው። ምንነቱ ይለይ ዘንድ አምስት ጠርሙስ ናሙና እንድናስገባ ታዘዝን፤ አስገባን። በሁለተኛው ሳምንት ናሙናው «ስለተጠናቀቀ» አምስት ተጨማሪ ተጠየቅን። እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ሆነ። የምርመራው ውጤት እስከ ዛሬ በጽሑፍ አልደረሰኝም፤ ነገር ግን ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ባለሙያዎቹ በከፍተኛ ትጋት፣ በእንጀራም በዳቦም፣ ሲመረምሩት በዓይኔ አይቻለሁ። ጠርሙሶቹም አልተጣሉም፤ ታጥበው አንደኛው እስክሪብቶ፣ ሌላኛው ስኳር ይዟል። መሥሪያ ቤታችሁ ምንም ነገር እንደማያባክን መመስከር እወዳለሁ።

3ኛ. ስለ ጉብኝቱ። ነሐሴ ላይ ክቡርነትዎ ከሦስት መኪናና ከአንድ ካሜራ ጋር ቱላ ድረስ መጥተው ጎበኙን። ሴቶቹ አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ጠዋቱን ሙሉ ቆመው ጠበቁዎት። ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ይዘው «ይህ ምርት የዓለምን ገበያ ሰብሮ ይገባል፤ ጽሕፈት ቤታችን ለላኪዎች በሩን ወለል አድርጎ ከፍቷል» ሲሉ አጨበጨብን። ካሜራው ሲጠፋ ብርቱካን ወደ እርስዎ ቀርባ ዝቅ ባለ ድምፅ «ክቡርነትዎ፣ ያቺ ደብዳቤስ?» ብላ ጠየቀች። «ሰኞ ታልቃለች» አሏት። እርስዎ አልዋሹም፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ አለመጠየቃችን የእኛ ስንፍና ነው። ያን ዕለት ማታ በቴሌቪዥን ለሁለት ደቂቃ ታየን። አብዲም ምስሉን ለደማሙ ሰውዬ ልኮለት፣ ሰውዬው «መንግሥታቸው እንዲህ ከደገፋቸው ልጠብቅ» ብሎ ቀነ ገደቡን እስከ ኅዳር 30 አራዘመልን። በመታየታችን ተጠቅመናል፤ ይህን አልክድም።

4ኛ. ስለ ደብዳቤው ራሱ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃላት ያጥረዋል።

ኅዳር 12 ቀን ረፋድ ላይ አቶ ደሳለኝ ደውለው «ወጥቷል፤ ነይ ውሰጂ» አሉኝ። ከፈትያ ጋር በባጃጅ በረርን። ማህተሙ ጥርት ያለ ነበር፤ ፊርማዎም ያማረ። ፈትያ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባዋ መጣ። መንገድ ላይ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ጮክ ብላ ጀመረች፤ መሀል ላይ ድምፅዋ ቆመ። ጽሕፈት ቤትዎ፣ ድርጅታችን በቱላ አካባቢ አሥራ ሁለት ሺህ ጠርሙስ *ዳጉሳ* አምርቶ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለመላክ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጦልናል።

ባጃጁን አዙረን ተመለስን። አቶ ደሳለኝ አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ፤ በእውነት አፈሩ። «ሲተየብ ነው» አሉ። «ታዲያ አሁን ይታረምልን» አልኳቸው። «ማህተም ያረፈበት ወረቀት አይሰረዝም፣ እቴ። አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ነው» አሉኝ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሳቸውን አግኚያቸው» ብለው ወደ እርስዎ በር ጠቆሙኝ። እርስዎን ደረጃው ላይ አገኘሁዎት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አንድ ጊዜ ቃኙትና እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ዋናው ማህተሙ ነው። ሳውዲዎቹ አማርኛ የት ያነባሉ?»

ክቡርነትዎ፣ እርግጥ ነው አያነቡም። የሚተረጉምላቸው ሰው ግን ያነባል፤ የጉምሩክ ሠራተኛውም ጠርሙሱን ከፍቶ ያያል። ይህን ልነግርዎ አፌን ስከፍት እርስዎ መኪናው ውስጥ ገብተው ነበር። እኔ ያንን ወረቀት ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ግን ተቆጥቼ አላውቅም።

አዲሱን ማመልከቻ በማግስቱ አስገባን። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶን ነበር። አሥራ ስምንቱም በአግዳሚው ወንበር ላይ አለቁ። ኅዳር 30 ቀን የደማሙ ሰውዬ ለአብዲ ደውሎ፣ ዳጣውን እንደወደደው፣ እኛን ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደማይችል ነገረው። ማመልከቻው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ አሁን ግን አያስቸኩልዎ።

5ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ በፈትያ ስም የማቀርበው ነው፤ እርሷ በአካል ቀርባ ማመስገን አትችልምና።

ታኅሣሥ ላይ አብዲ ማናማ ውስጥ አንድ ማዕድ ቤት ተከራየ። እዚያ የንግድ ፈቃዱ በዘጠኝ ቀን፣ ሳውዲ የምትፈልገው ወረቀት ደግሞ በአራት ቀን እንደወጣለት ነገረን። የቀረው ዳጣውን የሚያውቅ እጅ ብቻ ነበር። ፈትያ ሳምንት ሙሉ ስታስብበት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ «ሂሩትዬ፣ እኔ ካልሄድኩ ሌላ ሰው ይሠራዋል። ያኔ ስሙም ከእጃችን ይወጣል» አለችኝ። መሐላዋን ላስታውሳት አልደፈርኩም። ብርቱካን ምጥኑን ሦስት ቀን አብራት እየሠራች አስጠናቻት፤ የራሷን ልጅ እንደምትድር ሴት እየሳቀች፣ ዓይኗ ግን ቀልቶ።

ጥር 14 ቀን መናኸሪያ ሸኘናት። ነኢማ አላለቀሰችም። የእናቷን ሻንጣ እስከ አውቶቡሱ ተሸክማ አስቀመጠችና «አሁንስ ስንት ዓመት ነው?» ብላ ጠየቀች። ፈትያ ግንባሯን ስማት ወደ አውቶቡሱ ወጣች። ክቡርነትዎ ምናልባት መልሱ ይኖርዎት እንደሆነ ብዬ ጥያቄውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ ልጅቷ ታቦር ላይ ከአያቷ ጋር ናት፤ አድራሻዋን እሰጥዎታለሁ።

ስለ ውጤቱ ደግሞ እንኳን ደስ አለዎት። እንዳሉት ሆኗል፤ ዳጣ ሳውዲ ገብቷል። ከማናማ ተጭኖ ድልድዩን በአንድ ሰዓት ይሻገራል፤ አሥራ አራቱ መደብሮች አሁን ሰላሳ አንድ ደርሰዋል። ከጠርሙሱ ጀርባ «የባሕሬን ምርት» ተብሎ ተጽፏል፤ ቃሪያው ከሕንድ ይመጣል። ቱላ ላይ ከሃያ ሦስታችን ስድስት ቀርተናል። ለእኛ የተተከለው ቃሪያ ማሳው ላይ ቀልቶ ደረቀ፤ ከተከሉት ገበሬዎች አንዱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ሳይሰጠኝ ያልፋል፤ አልፈርድበትም። ብርቱካን ቱላ ገበያ ቃሪያ በመደብ ትሸጣለች። ፈትያ የላከችልንን የጠርሙሱን ፎቶ ባሳየኋት ጊዜ ስልኬን አቅርባ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ «አረንጓዴው ፈዘዝ ብሏል፤ በሶብላው ደርቋል ማለት ነው» አለችና ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ደብዳቤ ካወጣሁ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ የቀረችውን ድርጅቴን ሊያጉላላት እንደሚችል አስጠንቅቀውኛል። እኔ ግን አላምናቸውም። ማጉላላት ቢያንስ ፋይል ከፍቶ ማየት ይጠይቃል።

ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ በአክብሮት ዝቅ ብዬ፣ ለሰጡን ትምህርት፣ ለቀመሱልን ናሙና፣ ለታየንበት ሁለት ደቂቃና ላረጋገጡልን ዳጉሳ ውለታዎን ከልቤ ሳላወጣ የምኖር፣ ዘወትር አክባሪዎ፣

ሂሩት ሞገስ
ቱላ፣ ሐዋሳ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሚቀጥለው ወር በሚደረገው የላኪዎች ቀን «ወደ ባሕረ ሰላጤው ገበያ በመግባት አርአያ የሆኑ ሴት ሥራ ፈጣሪ» ተብዬ ለአሥር ደቂቃ ተሞክሮዬን እንዳካፍል ተጋብዣለሁ። ግብዣውን በደስታ ተቀብያለሁ። ተሞክሮዬም አሁን አንብበው የጨረሱት ነው፤ ከአሥር ደቂቃ ከበለጠ የምስጋናውን ክፍል ይቀንሱት። በአዳራሹም ክቡርነትዎ ራስዎ ቢያነቡልኝ እመርጣለሁ፤ ካሜራ ፊት ድምፅዎ ከእኔ ይልቅ ያምራልና።