ድኛለሁ ብዬ የሸኘሁሽ ቀን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራሕመቱላህ። አባዮ፣ እንዴት ነሽ? የጅግጅጋ ብርድ ለመደልሽ ወይ? ባልሽ ዱዓሌስ ደህና ነው? እናቱን እግራቸውን ያማቸው ነበር፣ ተሻላቸው? ድሬ እንደምታውቂያት ናት። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ንፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እያነሳ መስኮት ላይ ይደፋል። እኔ ዛሬ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። «ዛሬ» ያልኩት በምክንያት ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። «ምን ሆነሽ ነው?» ትይኛለሽ፣ «ምንም» እላለሁ፣ በዚያው ያልቃል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። የጅግጅጋ መኪና የሚነዳው ሽመክት በእጅሽ ሊሰጥሽ ቃል ገብቶልኛል። አደራሽን፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ልምጣ ብለሽ እንዳትነሺ።

የሄድሽ ቀን ዋሽቼሻለሁ። መናኸሪያው ላይ እጄን ይዘሽ «ወላሂ በይ፣ ደሙ ቆሟል?» ስትይኝ፣ «ከቆመ ወር አልፎታል፣ ድኛለሁ» አልኩሽ። ወላሂ ግን አላልኩም፤ ሳል አስመስዬ ፊቴን አዞርኩ። ደሙ ከተመለሰ አራት ቀኑ ነበር።

ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ። ከኒካሕሽ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ፣ ጓሮ ልብስ እያሰጣሽ ከዱዓሌ ጋር በስልክ ታወሪ ነበር። የተኛሁ መስሎሻል። «እሷን ለማን ጥያት ልምጣ? ሌላ ፈልግ፣ አልቀየምህም» አልሽው። ስልኩን ዘጋሽና የሰቀልሽውን አንሶላ ከገመድ አውርደሽ እንደገና ማጠብ ጀመርሽ። አንሶላው ንጹሕ ነበር። የእኔ አንሶላ ነበር።

በመስኮት ሳይሽ ቀሚስሽ ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስለ እኔ መክሳት ሲያወራ የአንቺን ያየ አልነበረም። እኔም አላየሁም። መድኃኒት ስታመላልሺ፣ ሩዝ ስትቀቅዪልኝ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ «አለሽ?» እያልሽ ስትጠሪኝ፣ ያ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳንኩ ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ እውነትም ተሽሎኝ ነበር። ኋላ ግን ፊቴን ያሳበጠውን ኪኒን በገዛ ፈቃዴ አቆምኩት። በኒካሕሽ ቀን እንግዳው ሁሉ ፊቴን አይቶ «ይህች ልጅ አሁንም አልዳነችም እንዴ?» እንዳይል፣ አንቺም ሰምተሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው። ሞኝነቴን አየሽ?

በሄድሽ በዘጠነኛው ቀን ቀፊራ ገበያ፣ የምሸጠውን ድሪያ ቀሚስ እያጣጠፍኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። የነቃሁት ባጃጅ ውስጥ፣ ጭንቅላቴ አጠገቤ ቅመም በምትሸጠው በዐማል ጭን ላይ ሆኖ ነው። ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። ያን ሰሞን ስትደውዪ «መልካ ጀብዱ ነኝ፣ ኔትወርኩ አያሰማም» ያልኩሽ ከአልጋዬ ላይ ነበር። አውፍ በይኝ።

ሐኪሟ ተቆጣችኝ። «ኪኒኑን ተይ ያለሽ ማነው?» አለችኝ። «እኔው ነኝ» አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ይሄ ኪኒን በአንዴ አይተውም፣ በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። የአንጀትሽ ቁስለት ደግሞ ይተኛል እንጂ ጨርሶ አይሄድም። ደህና ነኝ ባልሽበት ቀንም መድኃኒትሽን የምትወስጂው ተኝቶ እንዲቆይ ነው።» ከዚያ የሚያስታምመኝ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እህቴ ነበረች» አልኳት። «እሷንስ ማን ያግዛታል?» አለችኝ።

አባዮ፣ ያን ቀን የወሰንኩትን እስካሁን አላፈረስኩም። ቁስሌ የራሴ ነው፤ መጠበቁም የራሴ ሥራ ነው። የጠዋቱን መድኃኒት ከሱብሒ በኋላ፣ የማታውን ከእራት በኋላ እወስዳለሁ። ደብተር ገዝቼ የበላሁትንና ሆዴ ያለውን እጽፋለሁ። የጠዋት ፉል እንደማይስማማኝ ያወቅኩት ከደብተሩ ነው። ለሌላው ይስማማው ይሆናል፤ ሐኪሟ እንደምትለው የሁሉም ሆድ ለየብቻው ነው። ሚጥሚጣውንም ትቻለሁ፣ እሱን ስተው ግን አልቅሻለሁ። ደም ካየሁ እስከ ነገ አልጠብቅም፣ ያኑ ቀን እሄዳለሁ። ያለፈውን ረመዳን ሐኪሟ አትጾሚ ስትለኝ ከፍቶኝ ኢማሙን ጠየቅኩ። እሳቸውም «የታመመ ተፈቅዶለታል፣ አላህ ራስሽን ጉጂ አላለሽም» አሉኝ። ምሳዬንም ተደብቄ አልበላሁም።

ትልቁ ጣጣዬ የገበያው ነበር። መጸዳጃ እንዳልፈልግ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳልበላ እንደምውል ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ጨክኜ ፊት ለፊቴ ፔርሙስና ትሪ ወደሚሸጡት ሽማግሌ፣ ወደ አዴር መሃድ ሄድኩ። ከሱቃቸው ጀርባ መጸዳጃ አለ። ምን ብዬ እንደምናገር ሌሊቱን ስለማመድ አድሬያለሁ። «አዴር፣ ሆዴን ያመኛል…» ከማለቴ መሳቢያቸውን ስበው በክር የታሰረ ቁልፍ አወጡ።

«ይኸው፣ የራስሽ ነው። ካስቀረጽነው ቆይቷል» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?» ብላቸው፣ «ራሷ መጥታ እስክትጠይቅ እንዳይሰጧት ተብዬ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ክሩን አየሁት፤ ኒካሕሽ ላይ ከለበስሽው ሻሽ ጠርዝ የተረፈው ወርቃማ ክር ነው። ማን እንዳላቸው አልጠየቅኳቸውም። አንቺም አትንገሪኝ።

ከዚያ በኋላ አፌ ተፈታ። ለዐማልም፣ ለረድፉ ሴቶች ሁሉም ምን እንደሚያመኝ፣ እንደማይተላለፍም ነገርኳቸው። ስነሳ ሱቄን ያዩልኛል። ስቀር ይደውሉልኛል። አንቺ ብቻሽን የተሸከምሽውን አሁን ለብዙ ሰው አካፍዬዋለሁ፣ ማንም ሲከብደው አላየሁም።

አሁን ይህን የምጽፍልሽ ከሆስፒታል ነው፤ አትደንግጪ፣ ታማሚዋ እኔ አይደለሁም። ሐኪሟ ኢልሃን የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዳጫውት ለመነችኝ። በሽታዋ ከእኔ ጋር አንድ ነው፣ ከታወቀላት ገና ስምንት ቀኗ ነው። ከሰው ጋር አልነጋገርም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ቀፊራ ላይ መጸዳጃ ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደሮጥኩ ስነግራት ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ያመመው ሰው ሙሽራ መሆን ይችል እንደሆነ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የጠየቀችኝ። «ይችላል እንጂ!» አልኳት።

እናቷ ሰገል ከአንቺ ብዙም አትበልጥም። ስምንት ቀን ሙሉ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ነው የቆየችው። የራሷን ምግብ ለልጅቷ አስቀምጣ ሻይ ብቻ ትጠጣለች። ዛሬ ጠዋት ልብስ ልታጥብ ስትነሳ እጇን ያዝኩት። «ተይው፣ እኔ አለሁ። ሄደሽ ታጠቢ፣ ብዪ፣ ተኚ» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና ማልቀስ ጀመረች። እስካሁን እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

አባዮ፣ እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬሽ አላውቅም።

ሰገልን በባጃጅ ሳቢያን ወደ ቤታችን ወስጄ፣ ምሳ አብልቼ፣ በአንቺ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ጎረቤቶቹ እንዳይቀሰቅሷት ተናግሬ ተመለስኩ። ይኸው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ገና አልተመለሰችም፣ ተኝታለች። ኢልሃን ግማሽ ሳህን ሩዝ በልታ «ለእህትሽ ሰላም በይልኝ» እያለችኝ ነው።

አላህ ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ የደከምሽበትን ሁሉ በጀነት ይክፈልሽ። ለአረፋ ዒድ ከዱዓሌ ጋር ኑ፣ በእንግድነት። ለማስታመም ግን እንዳትመጪ፤ አልጋሽ ሰው ተኝቶበታል።

የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ
ድሬዳዋ