ከፎቶው ያወጣሽ አባባ አይደለም

ውድ እታለም፣

ስልኬን እንደማታነሺ ከገባኝ ሰንበትበት ብሏል። እማዬ ስትደውል ታነሺያለሽ፤ ስለ እኔና ስለ አባባ ስትጀምርልሽ ግን «ኔትወርክ የለም» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ኔትወርኩ በእኛ ላይ ብቻ መጨከኑ ይገርመኛል። እንዳትዘጊብኝ ብዬ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወልሽልኝን ቀን አልረሳውም። አባባ ፎቶ ቤቱን ሊዘጋ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሰው እንዲያያቸው ድረ ገጽ ሠርቼለት ነበር። አንቺም አየሽው። ሰላም እንኳ ሳትዪኝ «ከቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ አውጥታችሁኛል! እማዬ ትከሻ ላይ ያለውን እጄን ለምን ተዋችሁት? እሱንም ቁረጡት!» አልሽኝ። «ቆይ፣ ልየው» ብዬ ድረ ገጹን ለመክፈት ስሯሯጥ ስልኩን ዘጋሽው። መዘግየቴን እንደ ማመን ቆጠርሽው።

አይፈረድብሽም። ፎቶ ማንሳቱን ትቼ አስተማሪ እሆናለሁ ስትዪው፣ አባባ «ከዚህ በር ከወጣሽ ከቤተሰቤም ወጣሽ» ያለሽ እኔ ፊት ነው። እንዲህ የተባለ ሰው ራሱን ከፎቶ ወጥቶ ሲያገኘው ሌላ ምን ያስባል? ግን የሆነው ሌላ ነው፤ እስኪ ታግሰሽ አንብቢው።

ድረ ገጹ ላይ ፎቶዎቹ እንዲያምሩ ወርዳቸውና ቁመታቸው እኩል መሆን ነበረበት። የአባባ ፎቶዎች ደግሞ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ሰፊ፣ ብዛታቸው መከራ ነው። አንድ በአንድ ሳስተካክል ከማረጅ ብዬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ፎቶዎቹን በተራ ይከፍታል፣ መጠናቸውን ይቀይራል፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ እኔ ሻይ እየጠጣሁ እሱ ይሠራል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ፎቶውን በግድ ጨፍልቆ እኩል የሚያደርግ ነበር። ልብስ ሰፊውን ቀጮን ታስታውሺዋለሽ አይደል? የተሸካሚ ትከሻና ድርብ አገጭ አውጥቶ ቁጭ አለ። አባባ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የተመቸው?» ሲል በሳቅ ፈረስን።

ስለዚህ ዘዴውን ቀየርኩ። መሃሉን ያዝ፣ ከዳርና ከዳር የተረፈውን ቁረጥ አልኩት። የሞከርኩት ብቻቸውን በተነሱ ሰዎች ፎቶ ላይ ስለነበር ሁሉም አማረ። ከዚያ የቀረውን በሙሉ ለቀቅኩበትና ሳላየው ጫንኩት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእኔ ነው።

የእኛ ቤት ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ መቼም ታውቂዋለሽ። አባባ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እማዬ ከጎኑ፣ እኔ መሃላቸው። ከአባባ ወዲያ ያ የፈረደበት የፕላስቲክ አበባ ይቆማል። አንቺ ካሜራው ጋ ሆነሽ «ቀና በሉ! አንተ፣ አፍህን ግጠም!» ትያለሽ፤ በራሱ እንዲያነሳ ሰዓቱን ትሞይና ቀሚስሽን ሰብስበሽ ትሮጫለሽ። መብራቱ ቦግ ከማለቱ በፊት የምትደርሺበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከእማዬ ወዲያ፣ ጥጉ ላይ። ሁልጊዜ። ፕሮግራሙ አንቺንም ቂማችንንም አያውቅም፤ አንቺንና አበባውን እኩል ጣለ። አባባማ አላየውም። ዓይኑ ደክሟል፤ «ጨርሻለሁ» ስለው አምኖኝ ነበር።

ከደወልሽልኝ በኋላ ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ አንዱን ፎቶ ብዙ ቆይቶ አየው።

«ማነው ያወጣት?»

«ኮምፒውተሩ ነው አባባ።»

«ኮምፒውተሩን ማን አዘዘው?»

«እኔው ነኝ» አልኩት።

«ሰው ሁሉ ካሜራው ውስጥ አልገባ ሲለኝ እኔ ምን ነበር የማደርገው?» አለኝ።

«ወደ ኋላ ትሄዳለህ።»

«ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ! ሰው ቆርጬ አላውቅም። እሱም ወደ ኋላ ይሂድ።»

ኮምፒውተር ወደ ኋላ አይሄድም ብዬ ልከራከረው ስል ነገሩ በራልኝ። ፎቶውን ሳይጨፈልቁ፣ ሰፊው ጎኑ ልክ እስኪገባ ድረስ ማሳነስ፣ ከላይና ከታች የሚተርፈውን በነጭ መሙላት። ጥቂት መስመር ብቻ ቀይሬ ከዋናዎቹ ፎቶዎች እንደገና አስጀመርኩት። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አነስን እንጂ ማንም ውጭ አልቀረም።

አዲሶቹን ሳሳየው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው «እለፍ» እያለኝ ቆየ። በመጨረሻ «ይቺ ልጅ ሁሉም ላይ ትንፋሽ አጥሯታል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ላይ አፍሽ ከፈት፣ ፀጉርሽ ብትን ብሏል። ያን ያህል ጊዜ አይቻቸው ልብ ብዬው አላውቅም። «ሁሌ እሷን ነው ሳስሮጥ የኖርኩት» አለ። «አንድ ቀን ተነስቼ፣ አንቺ ተቀመጪ፣ ዛሬ እኔ ልሩጥ አላልኳትም።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

እታለም፣ እኔም ናፍቀሽኛል። ከሄድሽ ወዲህ እዚህ ቤት የሚቆጣኝ ሰው ጠፍቶ ባለጌ ሆኛለሁ፤ እማዬን ጠይቂያት። አባባ በወሩ መጨረሻ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ያስረክባል። አንቺ ሳትኖሪ እንዳይሆን ብዬ ነው የምለምንሽ።

ልጽፍልሽ እንደሆነ ስነግረው ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ምን ልበላት ብዬ ጠየቅኩት፤ ያለኝን እንደወረደ ይኸው፦

«ፎቶውን ያበላሸው ኮምፒውተሩ ነው በላት። ከቤት ያስወጣኋት ግን እኔ ነኝ። እሱን በኮምፒውተር እንዳታሳብብ።»

የምትመጪበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ