ፕላስተሩን አነሣሁት

ይድረስ ለበቄ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ግን ግራ ገባኝ። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ዓመት አለፈ፤ ተዝካርህንም ባለፈው ቅዳሜ አወጣን። የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም፤ እሱ በጊዜው ተለቅሷል። ስለ መኪናዋ ልነግርህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን። ልጃችን ሜቲ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ግራጫ ሹራብህን እጅጌውን እያጠፈች ትለብሰዋለች፤ ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ። የጓሮው አጥር ዘሞ ስለነበር ቆርቆሮ አስመታሁበት። ውኃ አሁንም ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣው። የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ እኛ ጀሪካን ይዘን መዞራችን አንተን ያስቅህ ነበር፤ ጂኦግራፊ ስታስተምር ለልጆቹም ትነግራቸው ነበር አሉ። እኔን ዛሬም አያስቀኝም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ረብሻውን ያስነሣው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ቆየ፤ ድንጋዩ ግን ከአስፋልቱ ዳር አልተነሣም። ጠዋት ወደ ከተማ ለሥራ ከመውጣቴ በፊት ጎረቤት አንኳኩቼ ታክሲ መኖሩን እጠይቃለሁ።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። የተቀበርከው ቡራዩ ነው።

ጫንጮ ከአባትህ ጎን ማረፍ እንደምትፈልግ አውቅ ነበር፤ ቦታውን ሳይቀር አሳይተኸኛል። ነገር ግን ያረፍክ ዕለት ከሱሉልታ ወዲያ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የእድሩ ሰዎች አስከሬን የጫነ መኪና ያሳልፋሉ፣ አያሳልፉም እያሉ ሲከራከሩ አመሹ። ወንድምህ ዳባ ከዚያ ደውሎ አትምጡ አለን፤ ከድምፁ ኋላ ተኩስ ይሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹም አስከሬን አይጠብቅም አሉና በማግስቱ እዚሁ ቀበርንህ። ዳባ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በሞተር ብስክሌት አድርጎ ለሣልስትህ ደረሰ። እናትህ ግን በዚያ ጉልበታቸው አልቻሉም። እሳቸው ጫንጮ፣ እኔ ቡራዩ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ቦታ ለቅሶ ተቀመጥን።

መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ላመጣቸው ብል እንቢ አሉ። «ልጄ ጋ የምሄደው በልጄ መኪና ነው» አሉኝ። ለፋሲካም ለመስቀልም እየሄድክ የምታመጣቸው አንተ ነበርክ፤ በሕዝብ መኪና ቡራዩን ረግጠው አያውቁም። ሐዘን ያናገራቸው መስሎኝ ነበር። ሐዘኑ በረደ፣ ቃላቸው ግን አልተለወጠም። ግትርነትህን ከማን እንደወረስከው አሁን ገባኝ።

ዳባ ደግሞ መኪናዋ ትሸጥ ባይ ነው። ማን ይነዳታል ይላል። መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ ረስቶታል፤ ወይም እንዴት ያለ ነጂ እንደሆንኩ ነግረኸዋል። ከጎኔ ተቀምጠህ በሌለ ፍሬን ላይ ስትረግጥ የጫማህን ሶል እንደጨረስከው አልረሳሁም። ብቻ ነገሩ አጭር ነበር። ወይ እናትህን በዚህች አሮጌ መኪና እንጦጦን አውርጄ መቃብርህ ድረስ አመጣቸዋለሁ፣ ወይ እሳቸው የልጃቸውን መቃብር ሳያዩ ያልፋሉ። እሳቸው ሲያልፉ ደግሞ ጥፋቱ የማንም አይሆንም፤ የመንገዱ ነው ይባልና ይታለፋል። እኔ እንዲያ እንዲባል አልፈለግሁም።

ቁልፍህን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ መኪናዋ ውስጥ ስቀመጥ መጀመሪያ ያየሁት ያችን ፕላስተር ነው። ከመሪው ኋላ፣ መብራቶቹ ከሚደረደሩበት መስታወት ላይ የለጠፍካትን። ጠርዟ ጠቁሯል።

የተለጠፈችበት ምክንያት ትዝ ይልሃል። ከሆለታ ስንመለስ ገፈርሳ አጠገብ ጎማ እየነደደ ነበር። አንተ አስቀድመህ ወርደህ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብረህ የፊት መስታወቱ ላይ በዝናብ መጥረጊያው አስያዝካት፤ ያን ሰሞን ቅጠል የሌለው መኪና አያልፍም ነበር። ልጆቹ ቅጠሉን አዩ፣ ቀጥሎ አንተን አዩ። ግማሾቹ ተማሪዎችህ ነበሩ። ቲቸር ነው ተባባሉና ድንጋዩን ገለል አደረጉልን፤ አንተም ያልበረደ አመድ ላይ ነዳሃት። ጎማ ሲነድ ላስቲኩ ይጠፋል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ይቀራል። ጥቂት እንደሄድን በእኔ በኩል ባለው የፊት ጎማ አንድ ነገር መፋቅ ጀመረ። ዝናብም ጀመረ። እኔ ጃንጥላ ያዝኩልህ፣ አንተ ተንበርክከህ የተጠመጠመውን ሽቦ በእጅህ ጎትተህ አወጣኸው። ከጎማው ኋላ የተቆረጠች ቀጭን ኬብልም አገኘህ፤ ጫፎቿን አጠማዝዘህ በመብራት ሠራተኛ ጥቁር ፕላስተር ጠቀለልካት። ምንም አይደለም አልከኝ።

ከዚያ ቢጫዋ የፍሬን መብራት፣ ኤቢኤስ ተብሎ የተጻፈባት፣ ትበራ ጀመር። ጉድጓድ ስንገባ ትበራለች፣ ስንወጣ ትጠፋለች፤ በኋላ ጨርሶ መጥፋት ተወች። አንተም አንድ ቀን ከቤት የሐኪም ፕላስተር ይዘህ መጣህ፣ ሜቲ ጉልበቷን ስትላጥ የምንለጥፍላትን። በላይዋ ለጠፍክና ዳነች አልክ። ሳቅን።

ራስህንም እንዲሁ ነበር የምታክመው። ጠዋት ጠዋት አናትህን ይዘህ ትነሣ ነበር፤ ክኒን ውጠህ ሻይህን ጠጥተህ ትሄዳለህ። ምንም አይደለም፣ የፈተና እርማት ነው፣ እንቅልፍ ነው። ደም ግፊት መሆኑን የነገሩን ክፍል ውስጥ ከወደቅህ በኋላ ነው፤ ያኔ መስማቱ ለማን ይጠቅማል። ብዙ ነገር ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይህችን ግን ገና ነኝ። ተናድጄብሃለሁ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው ይላሉ፤ ይበሉ።

ቁልፉን አዙሬ ፕላስተሩን አነሣሁት። ከሥሩ መብራቷ እየበራች ነበር። ያን ያህል ጊዜ ብቻዋን ስትበራ ኖራለች።

መኪናዋን ኦቦ ግርማ ጋ ወሰድኳት፤ ወደ ገፈርሳ መውጫ ያለው መካኒክ፣ አንተ ወሬው ከሥራው ይበልጣል የምትለው። አልተሳሳትክም። መጀመሪያ ያለኝ አምፖሏን ነቅዬ ልጣልልሽ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ፍሬኑ እንደሆነ ይይዛል፣ መብራት ምን ያደርግልሻል አለኝ። እናትህን እንጦጦን በክረምት እንደማወርዳቸው ስነግረው ግን መፍቻውን አነሣ። እሱም የሰላሌ ሰው ነው፤ ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ጎማውን ፈታው።

የተበላሸችው ነገር ጣት አታህልም። ሴንሰር ይሏታል። ጎማው ሲሽከረከር ታየዋለች፣ በድንገተኛ ፍሬን ሊቆለፍ ሲል ደግሞ ትናገራለች፤ እሷ ካልተናገረች እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ይቆለፍና መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ኦቦ ግርማ መዶሻና ዘይት ይዞ ታግሎ አወጣት። ጫፏ ማግኔት ስለሆነ ጥቃቅን የሽቦ ስብርባሪ ነክሳ ነበር፣ ዝገትና የተቃጠለ ላስቲክ የተቀባ። ስንት የነደደ ጎማ ላይ እንዳለፍክ እሱን አይቼ ገመትኩ። ለእኔ የነገርከኝ የገፈርሳውን ብቻ ነበር፣ ያውም አብሬህ ስለነበርኩ ነው። ያንተ የኬብል ጥገናም እንዳለ ነበር። ኦቦ ግርማ ፕላስተሩን ፈትቶ ማነው እንዲህ የጠመዘዘው ብሎ ሳቀ። ባሌ ነው ስለው ሳቁን ዋጠና ደህና አርጎ ነው ያሰረው አለኝ። ውሸቱን ነው።

ሌላ ሴንሰር ከሶማሌ ተራ አስመጣ፤ ያገለገለች ናት፣ ግን ከነኬብሏ ጤነኛ። የምትገባበትን ጉድጓድ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ገጠማት። መብራቷ ጠፋች። ደስ ብሎኝ ሜዳ ላይ ልለማመድ ሄድኩ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳዞረው ግን መልሳ በራች። ተመልሼ ሄድኩበት። ለካ ኬብሏን ከጎማው አጠገብ ወጥሮ አስሯት ኖሮ ጎማው ሲዞር ትጎተት ነበር። አንተ ብትሆን ፕላስተር ፍለጋ ትወጣ ነበር። እሱ ራሱን እያከከ ፈታት፣ ላላ አድርጎም አሰራት። ድንገት ስትይዢ ፍሬኑ እግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ እንዳትደነግጪ፣ እግርሽን እንዳታነሺ ብሎ ሸኘኝ።

ከተዝካሩ በፊት ባለው ቀን ጫንጮ ወጣሁ። መንገዱ ክፍት ነበር። እናትህ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። መኪናዋን ዞረው አዩአት፣ በመዳፋቸው ጣሪያዋን ዳሰሱ። ከግቢው ጥድ ቅርንጫፍ አስቆርጠው መስታወቱ ላይ እንድትታሰር አደረጉ። ዛሬ ሰላም ነው እኮ ብላቸው ማን ያውቃል አሉኝ። ዳባ ከኋላ ተቀመጠ፣ እሳቸው ከጎኔ።

ከሱሉልታ ወዲህ ዝናብ ያዘን። ከእንጦጦ መውረድ ስንጀምር ጭጋግ ነበር፤ ዳባ ሦስት ቃል ሲናገር ሁለቱ ጸሎት ነው። አንዱን መታጠፊያ እንደዞርኩ አንድ ገልባጭ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ጎማው ፈንድቶበት ነው። ረገጥኩት። ፍሬኑ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከሥሩ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማኝ። እግሬን አላነሣሁም። መኪናዋ ወደ ገደሉም ወደ ግንቡም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። በገልባጩና በእኛ መካከል የቀረው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነበር።

የዝናብ መጥረጊያው ቅርንጫፏን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቁልቁል ሳይ የእናትህ ቀኝ እግር ወለሉን ረግጦ ይዟል፤ ልክ እንዳንተ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ ተዝካሩ ላይ አይደለም። እሳቸው ክንዴን ነካ አድርገው «ሱታ ዴሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ልጄ። ቀስ ብዬ ሄድኩ። በአዲሱ ገበያ ወርደን፣ በአስኮ አድርገን ቡራዩ ገባን።

ቤት ግቡና እረፉ ብላቸው አልሆነም፤ በቀጥታ ወደ አንተ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጭቃ ነበር፤ በእኔና በዳባ መካከል ሆነው ደረሱ። ስምህ የተጻፈበትን ሲሚንቶ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ሙሾ ያወርዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ደጅህ ላይ ቆመው የሚያናግሩህ ይመስል በዝግታ «የቀረሁት መንገድ ተዘግቶብኝ ነው» አሉህ። ያችን የጫንጮ ጥድ ከመስታወቱ አስፈትተው አምጥተው ነበር፤ ራስጌህ አኖሯት።

አሁን እናትህ እኛ ዘንድ ናቸው፣ መስቀል እስኪያልፍ። ሜቲን ኦሮምኛዋን ያርሟታል፤ እሷ ደግሞ ስልክ ታስተምራቸዋለች፣ ሁለቱም አይስማሙም። መኪናዋ አትሸጥም። ዳባም ከእንጦጦ ወዲህ ስለ መሸጥ አላነሣም።

ቃል የምገባልህ አንድ ነገር አለ፤ ትልቅ ነገር አይደለም። ቁልፉን ሳዞር ያች ቢጫ መብራት መጀመሪያ ትበራለች፣ ደህና መሆኗን ለማሳወቅ፤ ቀጥላ ትጠፋለች። አንተ በሸፈንክባት ዘመን ይህን አላይም ነበር። አሁን እስክትጠፋ እጠብቃለሁ። ሜቲ ትምህርት ቤት እየረፈደባትም ቢሆን፣ ከኋላዬ ጥሩምባ ቢነፋም እጠብቃለሁ። በርታ እስክትጠፋ ባለው ጊዜ አንተን አስብሃለሁ፣ ከዚያ እንሄዳለን።

ባለቤትህ