የበቅሎዬ ትኩሳት

ገሪማ፣

በቅሎዬን ንብ ስለነደፋት፣ ሰው ለመከተብ ወደ ወርቃ በእግሬ ሄጃለሁ።

ማር የሚቆረጠው ሲመሽ እንጂ እንደ ትናንትህ በቀትር አለመሆኑን ዲላ ውስጥ የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የሳይንስ መምህር ስለሆንክ ይሆናል።

የንብ መርዝ ትኩሳት እንደሚያመጣ ለማረጋገጥ በቴርሞሜትሬ ስለለካሃት እግዜር ይስጥህ። ደብተርህ ላይ «አርባ ዲግሪ» ብለሃል። ውሃ ማጠጣት ግን ሙከራው ውስጥ የለም።

እኔም ተነድፌ ስላተኮሰኝ፣ ዛሬ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ምላሴ ሥር አደረግሁት። እሷን በየት በኩል እንደለካሃት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ባልዲው በሩ ጋ ነው። ጀርባዋ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርግላት። ማታ ደግመህ ለካት፤ ከቀነሰላት ጻፈው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቀፎው ሥር ያሰርኳት እኔ መሆኔን እያወቅክ ትናንት አልወቀስከኝም።

ማሩን ብላው።

ይርጉ